ግራ እግሩ ጅማ ቀረ

የደወለልኝ የአንድ አዲስ አበባ ክለብ የተስፋ ቡድን አሰልጣኝ ነበር። ልጁን ለሙከራ ከላክሁት አምስተኛ ቀኑ ነው።

«ፍጥነቱ ግሩም ነው» አለኝ። «ጨዋ ልጅም ነው። ግን ወንድሜ፣ ግራ እግሩን አንተ ጋ ትቶት ነው እንዴ የመጣው?»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። የአዲስ አበባ ተከላካዮች በሁለተኛው ቀን ነቅተውበታል፤ ቀኙን ዘግተው ወደ ግራ ሲገፉት ኳሷን መርገጥ እንኳ ያቅተዋል አለኝ። እሑድ በጠዋቱ አውቶቡስ እንደሚመልሱት ነግሮኝ ዘጋ።

ጅማ ውስጥ የስፖርት መምህር ነኝ፤ ከሰዓት በኋላ የታዳጊ ፕሮጀክት አሰለጥናለሁ። ልጁ ወደ እኔ የመጣው በ2010 ዓ.ም. ነው። ጅማ አባ ጅፋር ፕሪሚየር ሊግ በገባበት በዚያው ዓመት ዋንጫውን ያነሳበት ጊዜ ስለሆነ፣ ከቦሳ እስከ ፈረንጅ አራዳ ታኬታ ያልጠየቀ ሕፃን አልነበረም። ይሄኛው 13 ዓመቱ ነበር፤ ትከሻው ግን የ17 ዓመት ልጅ ትከሻ ነው፤ ከአፍንጫው በታች ጠቆር ማለት ጀምሯል። የሩሲያው ዓለም ዋንጫ ሐምሌ ላይ ሲያልቅ ሰፈሩ በፈረንሳዩ ፈጣን አጥቂ ስም ምባፔ ብሎ አወጣለት። እናቱ ሐሙስ ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ቅቤ ይሸጣሉ፤ ባገኙኝ ቁጥር «ልጄ እንዴት ነው?» ይሉኛል፤ እኔም «አይዞዎት፣ ትልቅ ቦታ ይደርሳል» እላለሁ። አፌ አይከብደውም ነበር።

ያለን ዘዴ አንድ ብቻ ነበር። ኳሷን ከተከላካዮች ጀርባ መጠለዝ፣ እሱ ይሮጣል፣ በቀኙ ይመታል፣ ጎል። የጅማ ዝናብ የሚታወቅ ነው፤ ሜዳው ጭቃ ሲሆን አጭር ፓስ እንደሙጫ ይያዛል፣ ስለዚህ ለመጠለዛችን ምክንያት አላጣሁም። በጭቃ አሳበብሁ ማለቱ ይቀላል። ያሸነፍነው ዋንጫ አሁንም የርዕሰ መምህሩ ቢሮ መደርደሪያ ላይ አለ።

የዚያን ቀን ስልኩን እንደዘጋሁ ኳሶቹን ልመልስ ንብረት ክፍል ገባሁ። የክፍሉ ኃላፊ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ሞዴል ላይ ሳያስፈርሙ አንዲት ፊሽካ የማያወጡ ሰው ናቸው። ድሮ ተጫዋች ነበሩ። ነገሩን ስነግራቸው አልደነቃቸውም።

«ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ኮከቦችን እስቲ ቁጠር» አሉኝና፣ መልሴን ሳይጠብቁ እንደ ዳዊት ይደግሙልኝ ጀመር፤ ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የሚቆጥሩት። የ1989ኙ ስኮትላንዳዊ በረኛ ጄምስ ዊል ኋላ ፖሊስ ሆነ። የ1991ዱ የጋናው ኒ ላምፕቴ በ16 ዓመቱ ለአንደርሌክት የተሰለፈ፣ ፔሌ ሳይቀር ያወደሰው ልጅ ነው፤ ከዚያ አስቶን ቪላ፣ ኮቬንትሪ፣ ጣሊያን፣ አርጀንቲና፣ ቱርክ፣ ቻይና... «አገር ለአገር ዞሮ በመጨረሻ አክራ ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ። የ2003ቱ ፋብሬጋስ ነው፣ የ2007ቱ ቶኒ ክሩስ፤ እነሱስ ደረሱ። በ2009 ኮከብ የተባለውን የናይጄሪያውን ሳኒ ኢማኑኤልን ግን ከእኔ ሌላ ማን ያስታውሰዋል?»

እኔ ደግሞ ፍሬዲ አዱን ጨመርሁላቸው። በ2004 ገና በ14 ዓመቱ በአሜሪካ ሊግ ለዲሲ ዩናይትድ የተሰለፈው፤ ቤንፊካ ደርሶ፣ ከዚያ ግሪክ፣ ቱርክ፣ ብራዚል፣ ሰርቢያ፣ ፊንላንድ የዞረው።

ስለ እነዚህ ሲወራ ሁልጊዜ ጥፋቱ ወኪል ላይ፣ ገንዘብ ላይ፣ ጭፈራ ላይ ይለጠፋል። አንዳንዱ እውነት ነው። የእኔ ልጅ ግን ወኪል የለውም፤ ጫት እንኳ አይቅምም (ጅማ ተወልዶ!)። ጋሼ ይህን ስላቸው መነጽራቸውን አውልቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ «ልደቱ መቼ ነው?»

መዝገቡን አወጣሁ። ጥር።

የዕድሜ ውድድር የሚቆረጠው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 ገደማ ይውላል። ጥር ላይ የተወለደ ልጅ በዚያው የፈረንጆች ዓመት መጨረሻ፣ ኅዳር ላይ ከሚወለደው ወደ አሥር ወር ይበልጠዋል፤ ሁለቱ ግን እኩያ ተብለው ይሰለፋሉ። በ13 ዓመት አሥር ወር ብዙ ነው። የአውሮፓ አካዳሚዎችን ያጠኑ ሰዎች ደጋግመው ያገኙት ይህንኑ ነው፤ ከመቁረጫው ቀን ቀጥሎ ባሉት ወራት የተወለዱ ልጆች ከቁጥራቸው በላይ ይመረጣሉ። በዚያ ላይ የእኔው ቀድሞ ጎርምሷል። እኔ ተሰጥኦ ያልሁት ግማሹ ቁመት ነበር። ግማሹ ግን እውነተኛ ተሰጥኦ ነበር፤ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ሌሎቹ ደርሰውበት ቁመቱ ዋጋ ሲያጣ የሚተርፈውን ነገር፣ ግራ እግሩን፣ ዞሮ መቀበልን፣ ቀና ብሎ ማየትን፣ አላስተማርሁትም። ያኔ ማስተማር ማለት ጥቂት ጨዋታ መሸነፍ ነበር።

አንድ ግራኝ ልጅም ነበር። አጭር፣ ቀጭን፣ ኳስ የምትታዘዘው። «ትንሽ እደግና በሚቀጥለው ዓመት ና» አልሁት። አልመጣም።

እንግሊዝ ውስጥ የፕሪሚየር ሊግ አካዳሚዎች ልጆችን በዕድሜ ሳይሆን በሰውነት ዕድገት ደረጃ እየመደቡ ማጫወት ከጀመሩ ሰንብተዋል። እኛ መለኪያ መሣሪያ የለንም፤ ሜትርና የግድግዳ ምልክት ግን አለን። አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ልጆቹን በቁመት እከፍላቸዋለሁ፤ ረጃጅሞቹ በለመዱት እግር ያስቆጠሩት ጎል አይያዝም። በመጀመሪያው ዓመት በከተማው ውድድር 4 ለ 0 ተሸነፍን፤ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ጠርተው፣ ዋንጫው ካለበት መደርደሪያ ሥር አስቀምጠው «ምን ነካህ?» አሉኝ። ወላጅም ተቆጣ። ጋሼ ብቻ ኳስ ሲያስፈርሙኝ ጠቀሱኝ።

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጅማ ከመርካቶ ወደ አጂፕ ባጃጅ ተሳፈርሁ። ሹፌሩ በመስታወቱ አይቶኝ «ቲቸር!» አለ። ምባፔ ነው። ስለ እናቱ፣ ስለ ነዳጅ ሰልፍ አወራን። እንደ ዱሮው ፈገግተኛ ነው። ልወርድ ስል ገንዘብ ዘረጋሁ፣ እምቢ አለ።

«ቲቸር፣ አዲስ አበባ ግራ ግራ ሲሉኝ ነበር» አለ፣ መሪውን እንደያዘ። «እዚህ ሆነን ስለ ግራዬ ነግረውኝ ያውቃሉ?»

«አላውቅም» አልሁት።

«እኔም እንደዚያ ነው ያልኳቸው» አለና ከኋላው ጥሩምባ ሲበዛበት ነድቶ ሄደ።