ሰማንያ ኪሎ ሜትር በሶምሶማ

ፈረስ ግልቢያ ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣበት ሽምጥ ነው። ኢንዱራንስ የሚባለው የረጅም ርቀት ግልቢያ ግን ሌላ ዓለም ነው። ኢንተርናሽናል ውድድር ላይ ለመሰለፍ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ዋንጫ አይደለም። ረጅም መንገድ በልክ ጋልቦ፣ ፈረሱን ጤነኛ አድርጎ መጨረስ ነው። ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን፣ ኤፍ.ኢ.አይ፣ ይህን በቁጥር አስቀምጦታል። እኛ በተዘጋጀንበት ሕግ ከ40 እስከ 79 ኪሎ ሜትር የሆኑ ሁለት ውድድሮች፣ ከዚያ 80 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ ሌሎች ሁለት መጨረስ አለባችሁ። ጋላቢውም ፈረሱም ማሟላት አለባቸው፤ አንዱ ያለው ልምድ ለሌላው አይቆጠርም። ፍጥነቱ ደግሞ በሰዓት ከ16 ኪሎ ሜትር ማለፍ የለበትም። አልፋችሁ ከጨረሳችሁ ለማጣሪያ አይያዝላችሁም።

እኔና ዳማ የቀረን አንድ ባለ 80 ኪሎ ሜትር ነበር። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ጉዞ ነው።

ዳማ የአረብ ዝርያ ያላት ባዝራ ናት። በዚህ ስፖርት አረቦች የሚበዙት ያለምክንያት አይደለም። ቀጫጭን ናቸው፣ ሙቀት ቶሎ ከሰውነታቸው ይወጣል፣ ልባቸው ደግሞ ከሩጫ በኋላ ቶሎ ይረጋጋል። የኔዋ ግን አንድ ጠባይ አላት። ብቸኝነት አትወድም። ይህ ጠባይዋ በኋላ ምን እንዳመጣብን እነግራችኋለሁ።

መንገዱን የጀመርነው ገና ሳይነጋ ነው። ታናሽ ወንድሜ ከሾፌሩ አጠገብ፣ እኔ ከኋላ። ከመነሻው ጀምሮ ያናደደኝ ነገር ሾፌሩ መቆም አለመውደዱ ነው። ፈረስ በመኪና ረጅም መንገድ ሲሄድ ጭንቅላቱ ከፍ ብሎ ከታሰረ አቧራውንና ንፍጡን ዝቅ ብሎ ማስወጣት አይችልም። ቆሻሻው ወደ ሳንባው ይወርዳል፣ ከባድ የሳንባ በሽታም ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ በየአራት ሰዓቱ ልናቆም፣ ማሰሪያዋን አላልተን አንገቷን ዘርግታ እንድታርፍ፣ ውኃም እንድትቀምስ ተነጋግረን ነበር የተነሳነው። እሱ ግን ባቆምን ቁጥር ሰዓቱን ያያል፣ ይነጫነጫል። ወንድሜ በጨዋ ቋንቋ ሲያስረዳው ቆየ፤ እኔ ግን ትዕግሥቴ አለቀና «ፈረሷ ካላረፈች እኛም አንሄድም» አልኩት። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በዝምታ አለቀ።

ውኃ በበርሜል ይዘን ነበር የሄድነው። ፈረሶች የማያውቁት ውኃ ሽታው ወይም ጣዕሙ ከተለወጠባቸው እምቢ የሚሉበት ጊዜ አለ፣ ዳማ ደግሞ ከእምቢተኞቹ ናት። እንደተጠበቀውም የቦታውን ውኃ አሽትታ ፊቷን አዞረች። ድርቆሹን በያዝነው ውኃ ነክረን ሰጠናት። እየበላች ትጠጣለች ማለት ነው። ዋዜማውን ያለ በቂ ውኃ ያደረ ፈረስ ጠዋት ኮርቻ ሊጫንበት አይገባም ብዬ አምናለሁ።

ጋጣው ጥሩ ነበር፣ ከአንድ ነገር በስተቀር። ስንመዘገብ የጋጣ ንጣፍ ሰጋቱራ ከክፍያው ጋር ነው ተብለን ነበር። ስንደርስ ለብቻው ነው ተባልን፣ ያውም በሌላ ቦታ ከምንከፍለው እጥፍ። ደረሰኝ ጠየቅሁ፣ የለም። ተከራከርኩ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ፈረሶቻቸውን ይዘው ፀሐይ ላይ ቆመው ስለነበር ከፍዬ ወጣሁ። እስካሁንም ያናድደኛል። ሰው ከሩቅ ደክሞት ፈረስ ይዞ መጥቶ መመለስ እንደማይችል እየታወቀ እንዲህ ማድረግ ትክክል አይደለም።

ሌሊቱንም አልተኛንም። የጎረቤት ጋጣ ውስጥ ያለው ፈረስ ግድግዳውን እስከ ንጋት ሲራገጥ አደረ። ዳማ መጀመሪያ ደንገጥ ደንገጥ ስትል ቆየች፣ በኋላ ግን ለምዳው ተኛች። እኔ መኪናው ውስጥ ተጋድሜ እያንዳንዱን ምት ስቆጥር ነጋ።

ከውድድሩ በፊት በነበረው ከሰዓት ምርመራ ነበር። መጀመሪያ ሰነድ። የፈረሱ ፓስፖርት ይታያል፣ አንገቷ ውስጥ ያለው ማይክሮቺፕ በማሽን ይነበባል፣ የኢንፍሉዌንዛ ክትባቷ ቀን ይመረመራል። ለኤፍ.ኢ.አይ ውድድር የመጨረሻው ክትባት ከ6 ወር ከ21 ቀን መብለጥ የለበትም፣ ቦታው ላይ ከመድረሷ በፊት ባሉት 7 ቀናትም መከተብ አይፈቀድም። ይህን የማነሳው ስንት ልፋት በአንዲት ማኅተም ቀን እንደሚበላሽ ስላየሁ ነው። ወረፋ ላይ ከፊታችን የነበረ ጋላቢ በክትባት ቀን ምክንያት ተመለሰ። ፈረሱ ደግሞ የሚያምር ፈረስ! ሰውየው አልተከራከረም፤ ፈረሱን እያሻሸ ወደ መኪናው ይዞት ሄደ። አንጀቴን በላው።

ከዚያ ሐኪሙ ድዷን ይጫናል፣ ነጭ የሆነው ቦታ በስንት ሰከንድ ቀይ እንደሚሆን ያያል። የአንገቷን ቆዳ ቆንጥጦ ይለቃል፤ ቶሎ ካልተመለሰ የውኃ እጥረት አለ ማለት ነው። ሆዷ ላይ ስቴቶስኮፕ አድርጎ የአንጀቷን ድምፅ ይሰማል። ጀርባዋን፣ እግሮቿን፣ ሰኮናዋን ይዳስሳል። መጨረሻ ላይ 40 ሜትር በሶምሶማ ሄዳ ትመለሳለች። ማነከስ አለመኖሩ የሚታየው እዚያ ነው። ወንድሜ አብሯት ሮጠ፣ ልጓሟን አላልቶ፣ ጭንቅላቷን ነጻ አድርጎ። አለፈች።

ውድድሩ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ተጀመረ። መነሻው ላይ የሚፈጠረውን ትርምስ አልወደውም፤ ፈረሶቹ ይግለበለባሉ፣ አንዱ ሌላውን ያነሳሳል፣ የልብ ምት ገና ከመነሻው ይሰቀላል። ሕጉ ከመነሻው ሰዓት በኋላ 15 ደቂቃ ድረስ መነሳት ይፈቅዳል። ስለዚህ ሁሉም እስኪሄድ ጠብቀን በእርምጃ ወጣን። ዳማ ጆሮዋን ወደፊት ቀስራ ልጓሙን ሳበች፤ አንገቷን እያሻሸሁ አረጋጋኋት።

መንገዱ በሦስት ዙር የተከፈለ ነው፣ 30፣ 30 እና 20 ኪሎ ሜትር። የመጀመሪያው ዙር አሸዋማ የጥድ ጫካ ነበር። ልቤ የሞላው እዚያ ነው። ጠዋት ነው፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ መሬቱ ለሰኮና ይመቻል። እኛ የምንለማመድበት ሜዳ ድንጋያማ ስለሆነ ዓይኔን ከመሬት አንስቼ አላውቅም፤ እዚህ ግን ቀና ብዬ ዛፎቹን እያየሁ ጋለብኩ። ሶምሶማዋ እንደ ልብስ ስፌት መኪና እኩል ነበር። በሰዓት 12 ወይም 13 ኪሎ ሜትር ይዘን ሄድን።

መሀል ላይ አንድ ወጣት በሽምጥ አለፈን። ለማጣሪያ መጥቶ እንዲህ መጋለብ ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባኝም። 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት 16 ማለት የአምስት ሰዓት ግልቢያ ነው፤ ከዚያ ቀድሞ መድረስ ምንም አይጠቅምም። ፈረሱን ከሰዓት በኋላ አየሁት፣ አንክሶ ከውድድሩ ወጥቶ ቁርጭምጭሚቱ ላይ በረዶ ታስሮለት ነበር። ልቤ ተነካ። የፈረስ ልብና ሳንባ በወራት ልምምድ ይበረታሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ዓመታት ይፈልጋሉ። ጋላቢውን የሚያታልለው ይሄ ነው። ፈረሱ ትንፋሽ አለው፣ መሮጥ ይፈልጋል፣ እግሩ ግን ገና አልደረሰም።

በየዙሩ መጨረሻ ቬት ጌት የሚባል የእንስሳት ሐኪም መመርመሪያ በር አለ። በጣም የምወደው የዚህ ስፖርት ክፍል እሱ ነው። ስትደርሱ ሰዓታችሁ አይቆምም። የፈረሱ የልብ ምት በደቂቃ 64 ወይም ከዚያ በታች ወርዶ ለሐኪም ስታቀርቡት ነው የሚቆመው። ለዚህ የተሰጠው 15 ደቂቃ ነው። ስለዚህ በፍጥነት ጋልቦ የደረሰ ሰው ፈረሱ እስኪረጋጋ ሲጠብቅ፣ በልክ የመጣው ቀድሞት ይገባል። የመጀመሪያው በር ላይ ኮርቻዋን አወረድን፣ ውኃ አፈሰስንባት፣ በጥቂት ደቂቃ ወርዶላት ገባን።

ሁለተኛው በር ላይ ግን አልወረደም። ወንድሜ ስቴቶስኮፑን ከክርኗ ኋላ አድርጎ ይቆጥራል። 72። ውኃ እናፈሳለን። 70። እንደገና 71። ትንፋሿ ተረጋግቷል፣ ሰውነቷ ቀዝቅዟል፣ ልቧ ግን አይወርድም። ጭንቅላቷን አንስታ ወደ መውጫው እያየች ትጮሃለች። ሁለተኛውን ዙር አብራት የመጣችው ባዝራ ዕረፍቷን ጨርሳ ልትወጣ ስትል አይታለች። ወንድሜ «አይዞሽ፣ ገና ጊዜ አለን» ይለኛል። እጁ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ያኔ ነው አንዲት በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት ከጎረቤት ቡድን የመጡት። ቋንቋቸውን በደንብ አልሰማም። ዳማን አዩ፣ መውጫውን አዩ፣ ተመልሰው ሄደው የተኮላሸ ሽማግሌ ፈረሳቸውን እየጎተቱ አመጡና አጠገቧ አቆሙት። ወንድሜ የያዘውን ባልዲም በእጃቸው ምልክት አስቆሙት። ዝም ብለን ቆምን። ሽማግሌው ፈረስ ድርቆሹን ያኝካል። ዳማ አሸተተችው፣ ጭንቅላቷ ቀስ እያለ ወረደ፣ ከድርቆሹም ጎተተች። ወንድሜ ቆጠረ። 58። ጊዜው ሳያልቅ ገባን። ሴትየዋን በደንብ ሳላመሰግናቸው ወደ ጋላቢያቸው ሮጡ። የራሳቸው ሥራ እያለባቸው ነው ይህን ያደረጉት። ማታ ፈልጌ አቀፍኳቸው።

በዕረፍቱ ኤሌክትሮላይት፣ ማለትም በላብ የወጣውን ጨው የሚተካ ድብልቅ፣ ሰጠናት። የፈረስ ላብ ከደሙ የበለጠ ጨዋማ ነው። ብዙ ሲያልበው ውኃውም ጨውም አብረው ስለሚወጡ፣ ሰውነቱ ደርቆ እያለ ጥማት ላይሰማው ይችላል። ስለዚህ «ካልጠጣ አልጠማውም» ማለት አደገኛ ነው። ዳማ ግን በዚያ ሰዓት የቦታውንም ውኃ ጠጣች፣ ባልዲ ሙሉ።

ሦስተኛው ዙር ሞቃት ነበር፣ አቀበት ነበረው፣ አለቀ።

መጨረሻው ላይ ያለው ምርመራ ከሌሎቹ ይለያል። 20 ደቂቃ ይሰጣል፣ የማቅረብ ዕድሉ ግን አንድ ብቻ ነው። ልብ፣ አንጀት፣ ጀርባ፣ ሶምሶማ። መስመሩን ማለፍ ብቻውን መጨረስ አይባልም። ከሐኪሞቹ አንዱ ሶምሶማዋን እንደገና ማየት ፈለገ። ወንድሜ እንደገና ሮጠ። የዚያን ቀን ከሁሉ የረዘመብኝ ያ 40 ሜትር ነው። ሐኪሙ ካርዱ ላይ ጻፈና ፈገግ አለ። አለቀስኩ፣ ወንድሜም አለቀሰ፣ ዳማ ካሮቷን በላች።

ይህ ስፖርት ዛሬ በያዘው መልክ ብዙ ጊዜ የሚነሳው እ.ኤ.አ. በ1955 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከተጀመረው ቴቪስ ግልቢያ ነው፤ 160 ኪሎ ሜትር በ24 ሰዓት ውስጥ። ኤፍ.ኢ.አይ በ1982 ተቀበለው፣ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ1986 ሮም ላይ ተካሄደ። እኛ ገና ከበሩ ገባን ማለት ነው። ኢንተርናሽናል ውድድሮች ደረጃቸው በኮከብ ነው፤ አሁን የሚጠብቀን ባለ አንድ ኮከብ ነው፣ ከ100 እስከ 119 ኪሎ ሜትር። ሁለት ኮከብ ከ120 እስከ 139፣ ሦስት ኮከብ ከ140 እስከ 160 ነው። ለአንድ ኮከብ ፈረሱ ቢያንስ 6 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፣ ዳማ አልፋዋለች። ሻምፒዮና ላይ ጋላቢው ከነኮርቻው 75 ኪሎ መሙላት አለበት፣ እኔ ደግሞ አልሞላም፤ ያን ጊዜ ክብደት የሚሞላ የእርሳስ ብረት መጨመር ሊኖርብኝ ነው። የሞተ ክብደት ለፈረስ ጀርባ ከሚንቀሳቀስ ሰው ይከብዳልና ከአሁኑ ኮርቻውን በትክክል የሚያስተካክል ባለሙያ እያፈላለግን ነው።

እስከዚያ ዳማ እረፍት ላይ ናት። በኤፍ.ኢ.አይ ውድድር ይህን ያህል ርቀት የሄደ ፈረስ ቢያንስ 12 ቀን አይወዳደርም፣ በአማካይ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ከሄደ ደግሞ 7 ቀን ይጨመርበታል። እኛ ከዚህም በላይ እያሳረፍናት ነው። ሜዳ ላይ ከሌሎች ፈረሶች ጋር ተለቃለች። ስትመለስ የምንጀምረው ኮረብታ በእርምጃ በመውጣት ነው። አብሮ ደግሞ አጭር አጭር ልምምድ አለን፦ ሌሎቹ ፈረሶች ሲሄዱ እሷ ከወንድሜ ጋር ቆማ ድርቆሿን መብላት።