በ3,000 ብር ያገኘኋቸው ጠበቃ

ኮንዶሚኒየም ልገዛ ስነሳ ደላላው «ለጠበቃ የምታወጪውን መጋረጃ ግዢበት» ብሎኝ ነበር። የመጀመሪያው ጠበቃ ከኮንዶሚኒየሙ ዋጋ ሁለት በመቶ ጠየቀኝ፤ በአስተማሪ ደመወዝ የማይታሰብ ነው፣ አመስግኜ ወጣሁ።

ሁለተኛዋን የጠቆመችኝ የዕቁባችን ጸሐፊ ናት። ቢሮአቸው ልደታ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ነው። «ሙሉውን ጉዳይ መክፈል አልችልም፤ ሰነዱን ብቻ ይመርምሩልኝ» አልኋቸው። በ3,000 ብር ተስማማን።

ካርታውን አገላብጠው አዩና፣ «ሻጩ ባለትዳር ነው?» አሉኝ። ካርታው በእሱ ስም ብቻ ስለነበር ጥያቄው ለእኔ መቼም አይመጣልኝም። ለካ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 የባልና ሚስት የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዳይሸጥ ይከለክላል! ሚስቲቱ ደግሞ ዱባይ ናት። ውክልናዋ እስኪደርስ አምስት ሳምንት ጠበቅን፤ ደላላው በመሐል አኩርፎ ስልኬን ማንሳት ተወ። ቀብድ አለመስጠቴ በጀኝ።

የዕዳና እገዳ ማጣሪያውን ራሴ ተሰልፌ አወጣሁ፤ ጠበቃዋ ማመልከቻውን ጽፈው ሰጡኝ እንጂ ለወረፋ አልከፈልኳቸውም። ሰነዶች ማረጋገጫ በምንፈርምበት ጠዋት ግን ደወሉ። «የቤት ቁጥሩን ከካርታው ጋር በጣትሽ እየነካሽ አመሳክሪ።»

ውሉ ላይ 42 ተብሎ ተጽፏል። የእኔ ቤት 24 ነው።