ፎቶው ለባለቤቱ ይድረስ

ስለ ሌንስ ሳወራ ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ ሌላ ነገር ነው። «የደብሩን አረጋውያን እያነሳህ ፎቶውን በነጻ ትሰጣለህ አሉ፤ እንዴት ነው የምትሠራው?» ትሉኛላችሁ። ስለዚህ የዘንድሮው ማስታወሻዬ በእሱ ላይ ይሁን። የቴክኒክ ነገር አለበት፣ የገንዘብ ነገርም አለበት። ከሁሉ በፊት ግን የማምንበትን ልናገር። ፎቶ አንሺ ሊሰጥ የሚችለው ትልቁ ስጦታ ፎቶው ራሱ ነው። ታትሞ፣ በእጅ፣ ለተነሳው ሰው።

እንጀራዬ የሠርግ ፎቶ ነው። ሥራውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ እረፍት የለም። ቅዳሜ ሠርግ፣ እሑድ ሠርግ፣ ከዚያ መልስ፣ ሌሊቱን ደግሞ ኤዲቲንግ። ጾሙ ሲገባ 55 ቀን ሙሉ የኦርቶዶክስ ሠርግ የለም። ብዙ ባልደረቦቼ በዚያ ወቅት ገበያ ቀዘቀዘ ብለው ይጨነቃሉ። እኔ ዓመቱን የማቅደው ከዚያ ወቅት ተነስቼ ነው። በሠርጉ ወራት ከእያንዳንዱ ክፍያ አስራቱን ቀድሜ አወጣለሁ። ቀድሜ ስል የስቱዲዮ ኪራይና የረዳት ክፍያ ከመነሳቱ በፊት ማለቴ ነው። አስራቱ ለደብሩ ይገባል። ከዚያ በላይ ደግሞ ለወረቀት፣ ለኅትመትና ለፍሬም የሚሆን ትንሽ እጨምርና ለብቻ አስቀምጣለሁ። መጠኑን የወሰንኩት ከነፍስ አባቴ ጋር ተመካክሬ ነው፤ እናንተም ብትጀምሩ እንደዚያ አድርጉ። ጾሙ ሲገባ እንግዲህ ካሜራው ነጻ ነው፣ ገንዘቡም ተቀምጧል። ቅዳሴው ከሰዓት ስለሆነ ደግሞ እናቶችና አባቶች ግቢው ውስጥ ይውላሉ። ለመተዋወቅ እንደዚያ ያለ ጊዜ የለም።

አሁን ወደ ብርሃኑ። ነጠላ ከባድ ነው። የካሜራው መለኪያ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ማድረግ ይፈልጋል። ፍሬሙ በነጭ ሲሞላ «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል። ነጠላው አመድማ ይሆናል፤ ከነጠላው ሥር ያለው ጠይም ፊት ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። በደመና ወይም በጥላ ውስጥ ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽኑን (ካሜራው የለካውን ብርሃን በእጅ መጨመሪያና መቀነሻውን) ከ+0.7 እስከ +1 አደርገዋለሁ። በስፖት ሜትሪንግ፣ ማለትም አንዲት ነጥብ ብቻ በሚለካው ዘዴ፣ ጠይም ፊት ላይ ብቻ ከለካችሁ ግን ተቃራኒው ይመጣል። ካሜራው ፊቱን ከልክ በላይ ያነጣዋል፣ ነጠላው ይቃጠላል፣ ጥለቱም ይጠፋል። እዚያ ላይ ወደ -0.7 እወርዳለሁ። ሁልጊዜ በሮው (RAW፣ ካሜራው ሳይጨምቀው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) አነሳለሁ። የፊት ጥላ በኋላ ሊወጣ ይችላል፤ የተቃጠለ ነጭ ግን አይመለስም።

ጥር 11 ቀን ረፋዱ ላይ ጃንሜዳ የቆማችሁ ታውቃላችሁ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ከነጭ ልብስ በስተቀር የሚታይ ነገር የለም። ጥምቀት በ2019 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ የካሜራው ብዛት ሌላ ነው። የኔ ምክር በከተራው ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ታቦታቱ ሲወርዱ አንሱ የሚል ነው። ብርሃኑ ዝቅ ብሎ ከጎን ይመጣል፣ የታቦታቱን ጃንጥላዎች ወርቃማ ዘርፍ ያበራዋል፣ ፊትም ፊት ይሆናል። ለአረጋውያኑ ፎቶ ግን በዓል አያስፈልግም። ደጀ ሰላሙ ሥር፣ ፊታቸውን ወደ ግቢው አዙረው ሲቀመጡ፣ ከመሬቱ የሚንጸባረቀው ለስላሳ ብርሃን ይበቃል። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 2.8፣ በቃ።

ውስጥ ሲሆን ሌላ ነው። ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ የመስኮት ብርሃን አለ፣ ጧፍ አለ፣ ፍሎረሰንት አለ። ሦስቱም ቀለማቸው ይለያያል። ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) በመስኮቱ ብርሃን ላይ አቆማለሁ፤ ጧፉ ቢጫ ሆኖ ይቅር፣ ያምርበታል። ፍላሽ ፈጽሞ አላበራም። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 3200 ሳደርሰው የሚመጣውን ቅንጣት አልፈራውም፤ ሲታተም እምብዛም አይታይም።

ከቴክኒኩ ሁሉ የጠቀመኝ ግን ዜማውን መከታተል ነው። ወረብ በዝግታ ይጀምራል። ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ አንድ ወገን ያዘነብላሉ፣ ይመለሳሉ፣ ጸናጽሉ ከእግራቸው ጋር ይሄዳል። ከዚያ ከበሮው ይጠብቃል፣ ይፈጥናል፣ ጭብጨባው ይገባል፣ እልልታው ይቀልጣል። ይህን ቅደም ተከተል የማያውቅ ሰው ሁሉም ሲዘል ካሜራውን ያነሳል፤ ያን ጊዜ ዋናው አልፏል። የደብራችን መሪጌታ ብዙ ጊዜ ካሜራዬን አስቀምጬ ከጎናቸው እንድቆም ያደርጉኛል። «መጀመሪያ በጆሮህ ስማው» ይላሉ። አሁን የከበሮው ምት ሊለወጥ ሲል ይሰማኛል። ሹተሩን (የመዝጊያውን ፍጥነት) 1/250 ሰከንድ ላይ አድርጌ የሚነሳውን ጸናጽል እጠብቃለሁ፤ ወይም 1/15 ላይ አውርጄ የነጠላው እንቅስቃሴ እንዲፈስ እተወዋለሁ። ማኅሌት የቆመ ሰው የሚያነሳው ፎቶና ለፎቶ ብቻ የመጣ ሰው የሚያነሳው ፎቶ ይለያያል። ይህን በራሴ ሥራ ላይ አይቼዋለሁ።

የማላነሳውም አለ። ወደ መቅደሱ ካሜራ አላዞርም። ሰው ሥጋ ወደሙ ሲቀበል አላነሳም። ተንበርክኮ የሚያለቅስን ሰው አላነሳም። ጠበል ቦታ ካሜራዬ ከቦርሳው አይወጣም። በዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። ሰው በሕመሙ ሰዓት፣ ራሱን በማያውቅበት ሰዓት፣ እየጮኸና እየወደቀ ተቀርጾ በዩቲዩብና በቲክቶክ ሲለቀቅ እያየን ነው። ያ ሰው ነገ ይድናል። ወደ ሥራ ይሄዳል፣ ያገባል፣ ልጆቹ ስልክ ይይዛሉ። ቪዲዮው ግን እዚያው ነው። ጠበሉ ያዳነውን ሰው ካሜራው ዕድሜ ልኩን ሕመምተኛ አድርጎ ያቆየዋል። ፈቃድ ሰጥቷል እንዳትሉኝ፤ በዚያ ሰዓት ፈቃድ መስጠት የሚችል ሰው የለም።

የምጽዋት ፎቶም ለኔ ከዚህ አይርቅም። ዳቦ የሚቀበል እጅ፣ ብርድ ልብስ ታቅፋ ወደ ካሜራ እንድትመለከት የተነገራት እናት። ማቴዎስ ምዕራፍ 6 ላይ ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ተብሏል። ካሜራ ይዞ መስጠት ግራ እጅን ብቻ ሳይሆን ከተማውን ሁሉ መጥራት ነው።

ይህን ስል አንዳንዶቻችሁ የኮረምን የረሃብ ምስል ታነሱብኛላችሁ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። በጥቅምት 1984 እ.ኤ.አ. ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር ኮረም ደርሶ የቀረጸው ምስል ዓለምን አንቀሳቅሷል። በሐምሌ 1985 ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ የተካሄደው ላይቭ ኤይድ፣ ለረሃቡ ገንዘብ ያሰባሰበው የሙዚቃ ዝግጅት፣ የመጣው ከዚያ ምስል ነው። ሞሐመድ አሚን በ1991 አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ አንድ እጁን አጥቷል፤ ከዚያም በኋላ ሥራውን አላቆመም። በ1996 ያረፈው ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ነበር። ይህን ሰው አከብረዋለሁ። ያን ጊዜ ረሃቡ ተደብቆ ነበር፣ መታየት ነበረበት። የደብራችን ደጃፍ ላይ ያሉት ነዳያን ግን አልተደበቁም። በየቀኑ እናልፋቸዋለን። እነሱን ለማወቅ ፎቶ አያስፈልገንም፤ መቆም ነው የሚያስፈልገን። ደግሞም ያ ምስል እህል አምጥቶ ሲያበቃ አገራችንን ለአንድ ትውልድ ሙሉ በረሃብ ብቻ አሳውቋል። ውጭ አገር ያደጉ ዘመዶቻችን ትምህርት ቤት ውስጥ የሰሙትን ስድብ ጠይቋቸው።

በሌላ በኩል የክብርት ዶክተር አበበች ጎበናን አስቡ። በ1980 እ.ኤ.አ. ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ወጡ። መንገድ ላይ ወሎ ውስጥ የረሃቡን ሰዎች አዩ። ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ በዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ደረሱ። ከዚያ የመጣው ድርጅት የስንቱን ሕይወት እንደለወጠ አገር ያውቀዋል። በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ ያሳደጓቸው ልጆች አለቀሱላቸው። እሳቸው ሊሳለሙ ነው የወጡት፤ በመንገዳቸው ያገኙትን ግን አልፈው አልሄዱም። ለሳሎን ጌጥ የሚሆን የንግሥ ፎቶ ፍለጋ ወደ ግሸንና ወደ ላሊበላ የምንወጣ ሰዎች ይህን ማስታወስ አለብን።

አሠራሬ ይህ ነው። መጀመሪያ ከደብሩ አስተዳዳሪና ከሰበካ ጉባኤው ፈቃድ እጠይቃለሁ። ከዚያ ካሜራ ሳላወጣ እቀመጣለሁ። «እማማ፣ ፎቶ ላንሳዎት? አሳትሜ አመጣልዎታለሁ» እላለሁ። አንዳንዶቹ «ምን ሊያደርግልህ ልጄ?» ይላሉ። «ለኔ አይደለም፣ ለእርስዎ ነው» ስል ፊታቸው ይለወጣል። ብዙዎቹ ያላቸው ፎቶ የመታወቂያው ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። እሱንም የልጅ ልጅ ወስዶባቸው ይሆናል።

እንዴት መነሳት እንደሚፈልጉ እነሱ ይወስናሉ። እኛ ፈገግታ እንወዳለን፤ እነሱ ቀጥ ብለው፣ ኮስተር ብለው፣ ሙሉ ቁመታቸው ከነጫማቸው እንዲወጣ ይፈልጋሉ። የድሮ የፒያሳ ፎቶ ቤት አነሳስ ነው። እሺ እላለሁ። ጋቢው ይስተካከል ካሉ ይስተካከላል። አንድ አባት ሜዳልያቸውን ከቤት አምጥተው እስኪመለሱ ጠብቄያቸዋለሁ፤ ያ ፎቶ ከሠርግ ሥራዬ ሁሉ ይበልጥብኛል። አንዳንድ እናቶች ደግሞ በግልጽ ይናገሩታል። «ለለቅሶዬ ትሆናለች፤ ጥሩ አድርገህ አንሳኝ» ይላሉ። መጀመሪያ ስሰማው መልስ አጣሁ። አሁን «ዕድሜ ይስጥዎት እማማ፣ እስከዚያ ግድግዳዎት ላይ ትሰቀል» እላለሁ። እውነታቸውን ነው። በለቅሶ ቤት ያለ ፎቶ የተቀመጡ ስንት ሰዎች አሉ።

የማሳትመው በ13 በ18 ሴንቲ ሜትር ነው። ላምኔት አላደርግም፤ መስታወት ያለው ቀለል ያለ ፍሬም ይሻላል። ከጀርባው ስማቸውን፣ የደብሩን ስምና ቀኑን በእርሳስ እጽፋለሁ። ለራሴ ሥራ ማሳያ ልጠቀምበት ከፈለግኩ የምጠይቀው ፎቶውን ከሰጠሁ በኋላ ነው። ቀድሜ ብጠይቅ ፎቶውን ለማግኘት ብለው እሺ ሊሉኝ ይችላሉ። እምቢ ያሉም አሉ፤ የእነሱን ፎቶ ከእነሱና ከእኔ ሌላ ማንም አላየውም።

ለአረጋውያን መርጃ ቤቶች በነጻ የምትሠሩም አላችሁ። መቄዶንያ «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለውን ቃል በየቤቱ ካስገባ ወዲህ በየሰፈሩ ጥሩ ጥሩ ጅምር አለ። እነዚህ ቤቶች ገንዘብ ለማሰባሰብ ፎቶ ያስፈልጋቸዋል፤ ይገባኛል። በሰፈሬ ላለ አንድ ቤት ስሠራ የተስማማነው የተኙትን ሰዎች ሳይሆን ሥራውን ለማሳየት ነው። ሌሊት የሚነሳው ትልቁ ድስት፣ የሚታጠበው የአንሶላ ክምር፣ ያለቀው የአዋቂ ዳይፐር መደርደሪያ፣ ሲያጥቡና ሲያጎርሱ የሚውሉት በጎ ፈቃደኞች። ባዶ መደርደሪያ ያየ ሰው ምን ይዞ መምጣት እንዳለበት ወዲያው ይገባዋል።

አሁን የምለማመደው እዚያው አትሞ መስጠትን ነው። ትንሿ የካኖን ሴልፊ ማተሚያ በፖስታ ካርድ መጠን ታትማለች፤ በባትሪም ትሠራለች። ወረቀቱና ቀለሙ አብረው በፓኬት ነው የሚመጡት፣ አዲስ አበባ ላይ ግን ሁልጊዜ አይገኙም። ዕቅዴ ለፍልሰታ ነው። ከነሐሴ 1 ጀምሮ አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን እየያዙ ሊያስቆርቡ ይመጣሉ። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ አያትና ልጅን አብሬ አንስቼ ከግቢው ሳይወጡ መስጠት እፈልጋለሁ። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው ያላችሁ ፓኬቱን እንዲያመጣልኝ ብትነግሩልኝ፣ ዋጋውን እኔ እከፍላለሁ። እስከ ሐምሌ መጨረሻ ቢደርስልኝ ይበቃኛል።