ሳይቀመስ

ለነገው የእህቴ ምርቃት በኦቨን የሚጋገር፣ አይብ የተሞላ ሳምቡሳ ላዘጋጅ አይቡን ከገበያ ገዝቼ ገባሁ። ጎረቤታችን እማማ ብቅ ብለው "አይብ ደግሞ ይጋገራል?" ብለው ሳቁ። ወዲያው ነጠላቸውን አደግድገው አይቡን በንጹህ ሻሽ ይጨምቁት ጀመር፤ ውሃው ካልወጣለት ሊጡን ያላቁጠዋል። የእኛ አይብ ቅቤው ከወጣለት አሬራ ስለሚሠራ እንደ ፒዛ ቺዝ ቀልጦ አይሳብም። እሳቸውም ንጥር ቅቤ፣ ኮሰረትና ሚጥሚጣ ጨመሩበት።

"ጨውስ?" አልኳቸው።

እፍኝ አንስተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፣ በጣታቸው ፈተጉት። "ትንሽ ይቀረዋል።"

ዓርብ ነው፤ ሁለታችንም ጾመኛ ነን። ለካ በየድግሱ ዋዜማ ዶሮውን የሚሠሩት እናቶችም እንዲሁ ሳይቀምሱ ነው የሚያወጡት! እኔ ደግሞ ሽሮ እንኳን አሥሬ ካልቀመስኩ አላምንም። ነገ ጠዋት ይጋገራል፤ የጨዉን ነገር እንግዶቹ ይንገሩን።