በ1976 ሬገን ዕጩ ቢሆን ኖሮ፦ የሦስት ወር የካርታ ሥራዬ

ሰላም ለሁላችሁ። ከሦስት ወር በፊት ባዶ የአሜሪካ ካርታ አትሜ፣ ቀይና ሰማያዊ እርሳስ ይዤ ቁጭ ያልኩበት ሥራ የት እንደደረሰ ልንገራችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የአገር ቤቱ ነገር ላይ ስደርስ ግን በእኛው እቆጥራለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በአጎቴ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ እሳቸው ቤት ቡና በተፈላ ቁጥር ወሬው ዞሮ ዞሮ በ1976ቱ ምርጫ ፕሬዚዳንት ፎርድን ባሸነፈው በዴሞክራቱ ካርተር ላይ ያርፋል። «ካርተር ባይመረጥ ኖሮ ደርግ ሩሲያ ጉያ ውስጥ አይገባም ነበር» ይላሉ። ይህን ስሰማ ነው ያደግሁት። አንድ ቀን «ቆይ፣ ለምን ቁጭ ብዬ አላሰላውም?» አልኩ።

ለሪፐብሊካኑ ፎርድ ድል መስጠት ቀላል ነው። ካርተር ኦሃዮን የወሰደው በ11,116 ድምፅ ብልጫ ነው፣ ያውም ከአራት ሚሊዮን በላይ ሰው በመረጠበት ግዛት። ኦሃዮና ዊስኮንሲን ቢገለበጡ ፎርድ ዋይት ሀውስ ውስጥ ይቆይ ነበር። እኔን የሳበኝ ግን ሌላው ጥያቄ ነው። የሪፐብሊካን ዕጩ ፎርድ ሳይሆን ሬገን ቢሆንስ?

መጀመሪያ ሬገን ዕጩ የሚሆንበትን መንገድ መፈለግ ነበረብኝ። እዚህ ላይ ሁለት ሳምንት ፈጀሁ፤ አልቆጨኝም። የሪፐብሊካን ልዑካን ዕጩ በመረጡበት በነሐሴው የካንሳስ ሲቲ ጉባኤ ፎርድ 1,187 ለ1,070 ነው ያሸነፈው። 60 ልዑካን ሐሳባቸውን ቢቀይሩ ውጤቱ ይገለበጥ ነበር። እኔም ዘልዬ ሚሲሲፒ ላይ አረፍኩ። ሬገን ከጉባኤው በፊት ለዘብተኛውን የፔንስልቬንያ ሴናተር ሪቻርድ ሽዋይከርን ምክትሌ ይሆናል ብሎ አስታወቀ። ይህ ብዙ ወግ አጥባቂዎችን አስቀየመ፣ ከሚሲሲፒ 30 ድምፅም አብዛኛው ለፎርድ ሄደ። ሠላሳውን በሙሉ ለሬገን ብሰጠውም አልሞላም። ስለዚህ ወደ ኋላ፣ ወደ የካቲቱ የኒው ሃምፕሻየር የፓርቲ ውስጥ የዕጩ ምርጫ ተመለስኩ። እዚያ ሬገን የተሸነፈው ከ2,000 ባነሰ ድምፅ ነው። ያንን ቢያሸንፍ ፎርድ ገና ከበሩ ይንገዳገድ ነበር። መነሻዬን እዚያ ላይ ተከልኩ።

ከዚያ ወደ ካርታው። በእውነተኛው ምርጫ ካርተር 297 የኤሌክቶራል ኮሌጅ ድምፅ (ፕሬዚዳንቱን የሚለየው የየግዛቱ ድምፅ ነው፤ ለማሸነፍ 270 ያስፈልጋል)፣ ፎርድ 240 አገኙ። አንዷ የቀረችው ድምፅ የሬገን ናት፤ የዋሽንግተን ግዛት አንድ የኤሌክቶራል ኮሌጅ መራጭ ፎርድን ትቶ ለሬገን ሰጠ። ስለዚህ ሬገንን ከ241 አስነሳሁት። ቴክሳስን (26) እና ሚሲሲፒን (7) ጨመርኩለት፣ 274 ሆነ። አሸነፈ! ያን ማታ ደስ ብሎኝ ካርታውን ፎቶ አንስቼ ለአጎቴ ላክሁላቸው።

በማግስቱ ስህተቴ ታየኝ። ሬገን የሚያገኘውን ብቻ ነበር የቆጠርኩት፣ ፎርድ በራሱ ምክንያት ያገኘውን አልቀነስኩም። ፎርድ ኦሪገንን የወሰደው በ1,713 ድምፅ ብቻ ነው። ሜይንም ለጥቂት ነው። አዮዋም አንድ ነጥብ ገደማ ናት። በእነዚህ ግዛቶች ለዘብተኛ ሪፐብሊካኖች ብዙ ነበሩ፣ ሬገንም በዚያን ጊዜ ለብዙዎቹ ያስፈራ ነበር። ሦስቱን ስቀንስ (6፣ 4 እና 8) ሬገን 256 ላይ ወረደ። ሚሺጋን ደግሞ የፎርድ የራሱ አገር ናት፤ እሷ ከሄደች 235 ይቀራል።

አንድ ወዳጄ «ሬገን በ1980 ሚሺጋንን፣ ኦሪገንንም ሜይንንም አሸንፏል እኮ» አለኝ። ልክ ነው። በ1980 በ489 ለ49 ነው ያሸነፈው። ግን በ1980 የዋጋ ንረቱ ሰውን አንገሽግሾት፣ ቴህራን ውስጥ የታገቱት አሜሪካውያንም ገና አልተለቀቁም ነበር። የ1980ን ሬገን ወደ 1976 ማምጣት በዚህ ሥራ ላይ ሁላችንም የምንወድቅበት ጉድጓድ ነው። በበኩሌ ከዚህ በኋላ የ1980ን ውጤት ለ1976 እንደ ማስረጃ አልጠቅስም።

ሦስተኛው ካርታዬ ላይ እርግጠኛ ያልሆንኩባቸውን ግዛቶች በሰረዝ ቀባሁ። ቴክሳስና ሚሲሲፒ ለሬገን ተሰጥተው፣ ሚሺጋንም ብትጨመርለት 256 ነው። ኦሃዮን (25) ካገኘ 281 ይገባል። ዞሮ ዞሮ እዚያችው ኦሃዮ! ሚሲሲፒም እንዳሰብኩት የቀረበች አይደለችም። ካርተር እዚያ ያሸነፈው ከ15,000 ባነሰ ድምፅ ቢሆንም፣ ድሉን የሰጡት ከ1965ቱ የመምረጥ መብት ሕግ ወዲህ የተመዘገቡ ጥቁር መራጮች ናቸው። አብዛኛው ነጭ መራጭ ቀድሞውንም ለፎርድ ነበር የሰጠው። ታዲያ ሬገን ተጨማሪውን ድምፅ ከየት ያመጣል? ሚሲሲፒንም በሰረዝ ቀባኋት።

ባለፈው እሑድ ሦስቱንም ካርታዎች ይዤ አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። ጎን ለጎን በእኛ አቆጣጠር የቀኖች ዝርዝር አዘጋጅቻለሁ። ካርተር ሥልጣን የያዘው ጥር 12 ቀን 1969 ነው። አስተዳደሩ በሰብዓዊ መብት ምክንያት ለኢትዮጵያ የሚሰጠውን ወታደራዊ እርዳታ መቀነሱን የካቲት ላይ አስታወቀ። ደርግ ደግሞ በሚያዝያ አስመራ የነበረውን የአሜሪካ ጦር ጣቢያ ቃኘውን ዘጋ። እስከዚህ የአጎቴ ነገር ልክ ይመስላል። ነገር ግን የደርግ ልዑካን ሞስኮ ሄደው የመጀመሪያውን የመሣሪያ ስምምነት የፈረሙት በታኅሣሥ 1969 ነው። በዚያን ጊዜ ዋይት ሀውስ የነበረው ፎርድ ነው።

«ስለዚህ ሬገንም ቢመጣ ባቡሩ ሄዷል» አልኳቸው።

ሲኒያቸውን አስቀመጡና ዝርዝሩን ወደ መነጽራቸው አስጠጉት። «አንተ ልጅ፣ ካርተር የተመረጠው መቼ ነው?» አሉኝ።

«ጥቅምት 23።»

«እና የታኅሣሦቹ ሰዎች ማን እንደሚመጣ ሳያውቁ ነው የሄዱት?»

መልስ አልነበረኝም። ካርተር በቅስቀሳው ወቅት ስለ ሰብዓዊ መብት ያነሳ ነበርና ጥያቄው የዋዛ አይደለም። አሁን ከጥቅምት 23 በፊት ደርግ ከሶቪየቶች ጋር ያደረጋቸውን ንግግሮች በቀን በቀናቸው እየለቀምኩ ነው። በዚህ ላይ ያነበባችሁ፣ ወይም በዚያ ዘመን መከላከያ ወይም ውጭ ጉዳይ የሠራ ዘመድ ያላችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ። አራተኛውን ካርታ ከዚያ በፊት አልቀባም።