ሜትሩ ሲዘረጋ ሰፈሩ ተናዘዘ

ባንክ ገብታችሁ «የቤት ብድር ፈልጌ ነበር» ስትሉ መጀመሪያ የሚቀርብላችሁ ወንበር ነው። ለአክብሮት ይመስላል። ቁጥሩ ሲነገራችሁ ነው ወንበሩ ለምን እንደቀረበ የሚገባችሁ።

ሠራተኛዋ ደግ ልጅ ናት። ለምሳሌ ብላ አሰላችልን። 1 ሚሊዮን ብር፣ በ16 በመቶ ወለድ፣ ለ15 ዓመት። በወር 14,687 ብር ገደማ መጣ። እሺ፣ ይሁን። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ውስጥ ግን 13,333ቱ ወለድ ነው። ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 1,354 ብር ብቻ። አሥራ አምስቱ ዓመት ሲያልቅ የከፈላችሁት ከ2.6 ሚሊዮን ብር ያልፋል።

ባለቤቴ ዝም ብሎ ሰማና «ሁለተኛው ቤት ላይ ማን ነው የሚኖርበት?» አለ።

ቢሆንም ፍለጋውን አልተውነውም። ሰላምታ በሰጠቻችሁ ቁጥር ኪራይ የምትጨምር አከራይ ያላችሁ ሰዎች ለምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

የምንኖረው ባሕር ዳር ነው። ቤት የፈለግነው አባይ ማዶ ነው፤ ከመሃል ከተማው ይልቅ ለኪሳችን ይቀርባል። ደላላችን «ከአዲሱ ድልድይ 5 ደቂቃ» ያለን ቤት ነበር። አዲሱ ድልድይ፣ ግንቦት 2016 የተመረቀው፣ ራሱ 380 ሜትር ነው። በእግር ከሆነ አምስቱ ደቂቃ እዚያው ድልድዩ ላይ ታልቃለች። በባጃጅ ሄድን። ከዋናው መንገድ ከወረድን በኋላ ደላላው «ደረስን» ያለባቸውን ቦታዎች መቁጠር ተውኩ።

ቤቱ ግን ያምራል። የብሎኬት ቤት፣ ኤል ሼፕ፣ 200 ካሬ፣ ከኋላ ሰርቪስ አለው። ጓሮው ጌሾና ሎሚ ነው። ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ ገና ይሸታል። ቀኑ እሑድ፣ ሰዓቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ፀሐዩ ለስለስ ያለ። ደላላ ቤት የሚያሳየው ሁልጊዜ እንዲህ ባለ ሰዓት ነው። በሐምሌ ዝናብ ወይም ውኃ በጠፋበት ሌሊት ቤት ያሳየ ደላላ ካለ ስልኩን ላኩልኝ።

እዚያው ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ቀብድ እንድንሰጥ ፈለገ። ወረቀቱን ከደብተር ገንጥሎ ጀምሮታል። እዚህ ላይ ባለቤቴን አመሰግናለሁ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ቀብድ ሰጥቶ ውሉን ያፈረሰ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀብሎ ያፈረሰ ደግሞ እጥፍ ይመልሳል። ባንኩ ብድሩን ቢከለክለንስ? አፍራሾቹ እኛ ነን። ስለዚህ «ብድሩ ካልተፈቀደ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል ዐረፍተ ነገር ካልገባ አልፈርምም አለ። ደላላው ቀን እንደጨለመበት ሰው አየን። ሻጩ ግን ጨዋ ሰው ነው፣ ተስማማ።

ቀጥሎ የባንኩ ገማች መጣ። ጉዱም ከሱ ጋር አብሮ መጣ።

ገማቹ ወጣት መሐንዲስ ነው። ከሌላ ሥራ ቦታ በቀጥታ ስለመጣ የሚያንጸባርቀውን ብርቱካናማ ሰደርያ አላወለቀም። ያ ሰደርያ ነው ሁሉን ያመጣው። ባለቤቴ ሥራ ላይ ነበር። ሻጩና ደላላው ካርታውን ፎቶ ኮፒ እናድርግ ብለው ወጡ። መብራት ጠፍቶ ኖሮ ጄኔሬተር ያለው ቤት ፍለጋ ዞሩ መሰለኝ፣ ቶሎ አልመጡም። ቤት ውስጥ የሻጩ እናት ብቻ ጋደም ብለዋል።

«እህቴ፣ ጫፏን ያዢልኝማ» አለና ሜትሩን ሰጠኝ። ያዝኩ። ከአጥሩ እስከ መንገዱ ለካን። እሱ ይጠራል፣ እኔ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። አንገቴ ላይ የመሥሪያ ቤቴ ባጅ ተንጠልጥሏል። እጄ ላይ ዶሴ።

ከማዶ አንድ ሕፃን ልጅ አየንና ወደ ቤቱ ሮጠ።

«እማዬ! ኮሪደር መጣ!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል መናገር ያስቸግረኛል። እጃቸው ሊጥ እንደሆነ የወጡ ሴት ቀድመው ደረሱ። «እታለም፣ በወላዲቷ፣ በዚህ መንገድ አታውጡ። መንገድ አይሆንም። ውኃ ይበላዋል!» አሉኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት የሻጩ ግድግዳ ሥር ቁጢጥ አሉና አዲሱን ቀለም በጥፍራቸው ፋቁት። ከሥሩ ቡናማ መስመር ወጣ። ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ይላል፤ በክር የተሰመረ ይመስል ግድግዳውን ይዞ ይሄዳል።

«የነሐሴ ጎርፍ ነው። ጻፊ!»

ጻፍኩ። ምን ላድርግ?

ሌላዋ ተቀበለች። ቧንቧው የሚንጠባጠበው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ ባልዲ ይዞ ያልነቃ ሳምንቱን ሙሉ አይታጠብም። አንዱ ጎልማሳ ትራንስፎርመሩን አሳየኝ። ብረታ ብረት ቤቱ ብየዳ ሲጀምር የሰፈሩ ምጣድ ሁሉ ይቀዘቅዛል አለ። «እንጀራችን በፈረቃ ነው።» አንድ መሪጌታ ጋቢያቸውን አጣፍተው ቀረቡ። ጎጃም ነውና ቀጥታ አይናገሩም። ወደ ወፍጮ ቤቱ በመቋሚያቸው አመለከቱና «ሰፈሩ እንኳ መልካም ነው፣ እንቅልፍ ለማይወድ» ብለው ዝም አሉ።

ይህ ሁሉ ደላላው በነፃ ሊነግረኝ ሲገባው ያልነገረኝ ነው። እኔ ደግሞ ለካ ማንም ሰው ቤቱን ሲሸጥና ቤቱ እንዳይፈርስበት ሲለምን የሚናገረው ለየቅል ነው እያልኩ እጽፋለሁ።

እዚህ መሃል ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። መፍረሱን የፈሩ ሰፈሩን ያጥላላሉ። ካሳ የሸተታቸው ደግሞ ማድነቅ ጀመሩ። አንድ ጋሼ እጄን ይዘው ወደ ጓሯቸው ሊወስዱኝ ሆነ። «የኔን ስድስት ማንጎ ብለሽ ጻፊ። ዓመት ሙሉ የሚያፈራ ነው!» አንዱ ጎረምሳ አካፋ ይዞ ሙዝ ሊተክል ሲቆፍር በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ሊጥ የያዙት ሴት ዞር ብለው «ያንተ ማንጎ መቼ አፍርቶ ያውቃል?» አሏቸው። የድሮ ቂም ሁሉ ወጣ።

ገማቹ መጨነቅ ጀመረ። እጁን አነሳና ጮክ ብሎ «እናቶች፣ አባቶች! እኛ ከማዘጋጃ ቤት አይደለንም! ከባንክ ነን!» አለ።

እንዲህ ባይል ይሻል ነበር።

«ባንክ? ሐራጅ ነዋ!» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

የሻጩ እናት ይህንን ሰምተው ተነሡ። በትራቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ቆሙ። «ልጄ ተበድሮ ነው? ሳይነግረኝ ተበድሮ ነው? ወይ ጉዴ!» ብለው ተቀመጡ። ሴቶቹ ዙሪያቸውን ከበው ማጽናናት ያዙ። አንዷ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ቤቱ የሞተ መሰለ።

ፍርሃታቸው ከሜዳ የመጣ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ ብድሩ ካልተከፈለው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ይህንን እኔም የማውቀው ከብድር ውሉ ላይ ነው። የምፈርመው እኔ መሆኔ ትዝ ሲለኝ ከእናትየው ጎን ቁጭ ብዬ ማልቀስ አማረኝ።

ከዚያ እናትየው ቀና ብለው ገማቹን በልመና አዩት። «የኔ ልጅ፣ ይኼ ቤት ለባንክ አይሆንም። ሟቹ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መሠረቱን ሲያወጣ ገንዘብ አለቀበት። ዋልካ ላይ ነው የቆመው። ነይማ አንቺ» ብለው ወደ ጓዳ ይዘውኝ ገቡ። ቁም ሣጥኑን በትከሻዬ ገፋሁት። ከኋላው ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ኮርኒሱ የሚወጣ ስንጥቅ አለ። ትንሿ ጣቴ ገባችበት።

ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ላዩ ላይ የቆመ ቤትም አብሮት ይነሣል፣ አብሮት ይወርዳል። ቀጥ ያለ ፀጉር መሳይ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የልስን ነገር ነው። ከመስኮትና ከበር ጥግ በሰያፍ የሚነሣውን ግን ጠይቁ። ቁም ሣጥን ካለም አስነሡ። ገማቹ ስንጥቁን ፎቶ አነሣና ሳቁን እያፈነ «እማማ፣ እርስዎ ቢሮ ቢኖሩ ሥራዬ ይቀልልኝ ነበር» አላቸው።

ሻጩና ደላላው የደረሱት በዚህ ሰዓት ነው። አስቡት። ሰው ቤቱን ሊሸጥ ፎቶ ኮፒ አንሥቶ ይመለሳል። ደጁ በሰው ተሞልቷል። እናቱ ያለቅሳሉ። ጎረቤቱ ቀለሙን ፍቆበታል። አንድ ሰው አጥሩ ሥር ሙዝ ተክሏል። ደላላው ሁኔታውን አንድ ጊዜ አየና ስልክ እንደተደወለለት ሆኖ ወደ ኋላ ተመለሰ። ስልኩ አልጠራም።

የግምቱ ውጤት ሲመጣ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለና ልንገራችሁ። የቤቱን ዋጋ አልጽፍም፤ አማቴ ፌስቡክ ላይ አለች። ሻጩ 100 ብር አለ እንበል። ገማቹ 70 ብር ገመተው። ባንካችን የሚያበድረው የገመተውን 70 በመቶ ነው እንጂ ሻጩ የጠራውን አይደለም። ስለዚህ የሚመጣው 49 ብር ነው። እኛ ከኪሳችን 30 ብር ይዘን ነበር የተዘጋጀነው፤ አሁን 51 ተፈለገ። ላዩ ላይ ለስም ማዛወሪያ 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ፣ የደላላ ኮሚሽን፣ የውል ወጪ። ደላላው ኮሚሽኑን ለመቀበል ግን በሰዓቱ ተገኝቷል።

እዚህ ላይ ደብተሬ ሥራውን ሠራ። ባለቤቴ ገጾቹን ይዞ ከሻጩ ጋር ተቀመጠ። ሰውዬው ምን ብሎ ይከራከር? ምስክሮቹ ጎረቤቶቹ ናቸው፣ ዋናዋ እናቱ። ዋጋውን ቆረጠ። ጥሩ አድርጎ ቆረጠ።

ከመፈረማችን በፊት ግን ባለቤቴ በክረምቱ የመጀመሪያ ከባድ ዝናብ ቦት ጫማ አድርጎ በማታ ሄደ። ጎርፉ ሳሎን እንደማይገባ አየ፤ ሴቶቹ ትንሽ ጨምረውበታል። በሩ ላይ ግን ጫማ ይነጥቃል። ባጃጅ ከመሸ ስለማይገኝም በእግሩ ድልድዩን ተሻግሮ ተመለሰ። ማዘጋጃ ቤትም ሄደን ፕላኑ ላይ መንገድ አጥራችንን እንደማይነካ ጠየቅን፤ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ ስለመሆኑም ወረቀት አወጣን። ስንጥቁን መሐንዲስ አየልንና የጣሪያው ውኃ ከመሠረቱ እንዲርቅ አሸንዳና ቦይ አሠራን። ከዚያ ገዛን።

ችግሩ ጎረቤቶቼ እስከ ዛሬ ማዘጋጃ ቤት የምሠራ ይመስላቸዋል። እኔ የክሊኒክ ላቦራቶሪ ነው የምሠራው። ብናገርም የሚያምነኝ የለም፤ «መደበቋ ነው» ይላሉ። ዕድር ስገባ ጸሐፊ አደረጉኝ። ቡና በጠጣን ቁጥር አንዱ ካርታውን ይዞ ይመጣል፣ ሌላው የአጥር ክርክሩን ይነግረኛል። መሪጌታው ብቻ ምንም አይጠይቁኝም፤ ሲያልፉ «እንቅልፍ እንዴት ነው?» ይሉኛል።

ትናንት ማታ በሩ ተንኳኳ። የማንጎው ጋሼ ናቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ግራ ቀኝ አዩና፦

«ልጄ፣ የዚያን ጊዜው ደብተር አለሽ አይደል? ማንጎዎቹ ስምንት ሆነዋል፤ አስተካክይውማ።»