መዳብ መስሎኝ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ካሉት አሮጌ ቤቶች በአንዱ ነው የምኖረው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ የሳሎኑ ሶኬት ግን አንድ ብቻ። አምፕሊፋየሩ ሶኬቱ ካለበት ጥግ መራቅ አይችልም፤ ከስፒከሮቹ ጋር የመጣው ቀጭን ገመድ ደግሞ ግማሽ መንገድ ላይ አለቀ። ስለዚህ ባለ 5 ሜትር ሁለት ገመድ ራሴ ልሠራ ተነሣሁ።

መጀመሪያ የገዛሁት ወፍራም፣ ውስጡን በሚያሳይ ፕላስቲክ የተሸፈነ፣ የሚያብረቀርቅ ነበር። «ወላሂ ንጹሕ መዳብ ነው ወንድሜ» አለኝ ሻጩ። ጥቅሉን ሳነሣው ቅለቱ ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር፤ ርካሽነቱ አፌን ዘጋው። ቤት ገብቼ ጫፉን ስልጥ ሁለት ክሮች እጄ ላይ ተቆረጡ። አንዱን በምላጭ ብፍቀው ከቀዩ ቆዳ ሥር ነጭ ወጣ፤ መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም! አይሠራም አልልም፤ ነገር ግን ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክን የመቃወም ጠባዩ፣ በኦም የሚለካው) ከመዳብ በአንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ይበልጣል፣ ሲያጣጥፉትም ቶሎ ይሰበራል። አሁን ግቢ ውስጥ ልብስ ይሰጣበታል።

በሁለተኛው ዙር ወደ ታይዋን ገበያ ሄጄ «የስፒከር» የሚል ስም የሌለው ተራ የመብራት ገመድ ገዛሁ፤ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ክሩ የበዛ መዳብ። ለ5 ሜትር ርቀት ኤሌክትሪኩ ሄዶ ሲመለስ 10 ሜትር ይጓዛል፤ የዚያ ሁሉ ሬዚስታንስ 0.07 ኦም ያህል ብቻ ነው። ለባለ 8 ኦም ስፒከር ከአንድ በመቶ በታች ማለት ነው። ባለ 1.5ቱም ይበቃኝ ነበር። ከዚያ በላይ የሚወፍር ገመድ ለዓይን ካልሆነ ለጆሮ ምን እንደሚጨምር አላውቅም።

ያበላሸሁት እኔው ነኝ። መብራት በጠፋበት ምሽት በስልክ ብርሃን ሳገናኝ የአንዱን ስፒከር ቀይና ጥቁር አገለባበጥሁ። መብራት ሲመጣ ዘፋኙ አለ፣ ከበሮው የለም። ሁለቱ ስፒከሮች አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ ወፍራሙን ድምፅ ያጠፋሉ። ገመዱን ከአምፕሊፋየሩ ነቅዬ የ1.5 ቮልት ባትሪ አዎንታዊ ጫፍ ቀይ መሆን ባለበት ሽቦ ላይ፣ አሉታዊውን በሌላው ላይ ለቅጽበት ነካ አደረግሁ። ትክክለኛው ስፒከር ደረቱን ወደ ውጭ ነፋ፤ የተገለበጠው ወደ ውስጥ ሰበሰበው።

ሌላው ጣጣ የፀጉር ያህል የቀጠነች አንዲት ክር ነበረች። ከጎረቤቷ ሽቦ ጋር ተነካክታ አምፕሊፋየሩ ራሱን አጠፋ፤ ራሱን የማያጠፋ ቢሆን ኖሮ ሊቃጠል ይችል ነበር። ክሮቹን አጥብቄ ጎንጉኜ ባናና ጃክ (የገመድ ጫፍ መሰኪያ) ውስጥ በካቻቢቴ አጠበቅሁ፣ ላዩን በናስትሮ ጠቀለልሁ። የድሬ ሙቀት ናስትሮውን በሳምንቱ አሟሟው፤ ሙጫው ጣቴ ላይ እየተለጠፈ ተንሸራተተ። በሙቀት የሚጨማደድ ቱቦ አልብሼ በላይተር አጠበቅሁት፤ እስካሁን አልነቃነቀም።

ድምፁን በአጥር የሰሙ ጋሼ ጎረቤቴ ለእርሳቸውም እንድሠራላቸው አዝዘውኛል። ቅዳሜ ገበያ የምወጣው ምላጭ በኪሴ ይዤ ነው።